ከቫይረስ በኋላ የሚገባው ፈንገስ፦ ያልተፈለገ በሽታ አይቆጠርም፣ ላልተቆጠረም መድኃኒት አይገዛም

በቫይረስ ምክንያት በመጣ የሳንባ ምች ሆስፒታል የተኛ አንድ ታካሚ ይታሰብ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኦክስጅንና ዴክሳሜታሶን ተሰጥቶት ትኩሳቱ ይበርዳል፤ አስታማሚ ቤተሰቡም ተስፋ ያደርጋል። በሁለተኛው ሳምንት መግቢያ ላይ ግን ትኩሳቱ ይመለሳል፤ የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን ይጨምራል፤ አክታው ደም ይቀላቅላል። ሐኪሙ አንቲባዮቲኩን ይቀይራል፤ ለውጥ ሲጠፋ ሌላ ይጨምራል። አክታው ለባክቴሪያና ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ተልኮ «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። ታካሚው ሲያርፍ በሞቱ ምክንያት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የቫይረሱ ስም፣ አለዚያም «ብርቱ የሳንባ ምች» የሚል ቃል ነው። በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቷል። በታካሚው ሳንባ ውስጥ ፈንገስ ነበረ ወይ?

ጥያቄው የማይጠየቀው በስንፍና አይደለም። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚሠራ ሐኪም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሳንባ ነቀርሳን፣ ወባን፣ ኤች አይ ቪን፣ ካላዛርን፣ የወሊድ አደጋንና የጥይት ቁስልን ሲያክም ይሰነብታል። የፈንገስ ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የሕፃናት ቆረቆር፣ ጭርትና የአፍ ውስጥ ካንዲዳ ነው። ነፍስ የሚያጠፋ የሳንባ ፈንገስ ግን የሌላ አገር ችግር፣ የካንሰር ወይም የንቅለ ተከላ ታካሚዎች ብቻ ጣጣ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ይህ አመለካከት መለወጥ እንዳለበት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎድለው መድኃኒት አይደለም፤ ፍለጋ ነው። ያልተፈለገ በሽታ አይቆጠርም፤ ላልተቆጠረ በሽታ በጀት አይያዝም፤ በጀት ላልተያዘለትም መድኃኒት አይገዛም። መድኃኒት ባለመኖሩም ሐኪሙ በሽታውን ለመፈለግ ምክንያት ያጣል። ይህን አዙሪት መስበር የሚቻለው ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ ነው፤ ለጅማሮው የሚያስፈልገው መሣሪያም አብዛኛው በእጅ ያለ ነው።

በር ከፋቹ ቫይረስ

አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ ብርቅ ፍጥረት አይደለም። በሻገተ እህል፣ በጭድ፣ በድርቆሽ፣ በበሰበሰ ቅጠልና በግንባታ አቧራ ላይ ይበቅላል። የደጋው ገበሬ ገብስ ሲወቃ ወይም ዝናብ የነካውን ጎተራ ሲከፍት ከሚነሣው ብናኝ ጋር፣ የከተማው ነዋሪም በየመንገዱ ከሚነሣው አቧራ ጋር፣ ስፖር የተባሉትን የፈንገሱን ደቂቅ ዘሮች ይተነፍሳል። ማንኛውም ሰው በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስፖሮችን ወደ ውስጥ ይስባል። ስፋታቸው ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ ከረጢቶች ድረስ መዝለቅ ይችላሉ። ይሁንና ጤነኛ ሰው አይታመምም፤ የአየር ቧንቧው ሽፋን ጠራርጎ ያስወጣቸዋል፣ የተረፉትንም ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጧቸዋል።

ኢንፍሉዌንዛ ይህን መከላከያ በሁለት በኩል ያፈርሳል። የአየር ቧንቧውን ሽፋን ገፍፎ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ያጋልጣል፤ ስፖሩን መግደል የሚገባቸውንም ሕዋሳት ያዳክማል። የኮሮና ቫይረስም ሽፋኑን ይጎዳል፤ በዚህ ላይ ለሕክምናው የሚሰጠው ስቴሮይድ የቀረውን የሰውነት መከላከያ ያላላል። ከዚህ በኋላ በየቀኑ ያለ ጉዳት ሲተነፈስ የኖረው ስፖር ሥር ሰድዶ የደም ሥሮችን እየሰረሰረ ሳንባን ወደሚያጠፋ በሽታ ይለወጣል።

ቫይረስ በር ከፋች፣ ሌላው ተሕዋስ ደግሞ ገዳይ ሊሆን እንደሚችል የኢትዮጵያ ታሪክም ያስታውሳል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ፣ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ይታሰባል። በዓለም ዙሪያ ከወረርሽኙ ሟቾች ተጠብቀው የቆዩ የሳንባ ናሙናዎች በኋለኛው ዘመን ሲመረመሩ፣ ለአብዛኛው ሞት ምክንያት የሆነው ቫይረሱን ተከትሎ የገባ ባክቴሪያ እንደነበረ ታውቋል። አንቲባዮቲክ ከተገኘ በኋላ ይህ በር በከፊል ተዘጋ። ነገር ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1952 የብሪታንያ ሐኪሞች ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ በመጣ የሳንባ ምች ተይዞ፣ በአንቲባዮቲክ ታክሞ፣ ከዚያ በአስፐርጊለስ የተጠቃ ታካሚ ጉዳይ በሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ባክቴሪያው ሲወገድ ሌላ ተሕዋስ በቦታው ሊገባ እንደሚችል ከ70 ዓመት በፊት ታይቷል ማለት ነው። ጽንሰ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ትኩረቱ ነው የዘገየው።

የተቆጠረበት አገር ምን አገኘ?

ትኩረት የተሰጠበት ቦታ ምን እንደተገኘ ማየት ይጠቅማል። በኔዘርላንድስና በቤልጂየም ሰባት የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት የተኙ 432 ታካሚዎችን መዝገብ መርምሯል። ከእነዚህ ውስጥ 19 በመቶው ወራሪ የሳንባ አስፐርጊለስ ተገኝቶባቸዋል። የሰውነት መከላከያቸው አስቀድሞ ያልተዳከመ ታካሚዎች ብቻ ሲወሰዱ እንኳ ድርሻው 14 በመቶ ነበር፤ ኢንፍሉዌንዛ በሌለበት ብርቱ የሳንባ ምች ከተኙት መሰል ታካሚዎች መካከል ግን 5 በመቶ ብቻ ነው። ፈንገሱ ከተገኘባቸው የኢንፍሉዌንዛ ታካሚዎች በ90 ቀናት ውስጥ 51 በመቶ ሲሞቱ፣ ካልተገኘባቸው የሞቱት 28 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ የሚናገረው ግልጽ ነው፦ ኢንፍሉዌንዛ ራሱ አጋላጭ ነው፤ ካንሰር ወይም ንቅለ ተከላ የግድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ትምህርት ከህንድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮሮና ሁለተኛ ማዕበል ወቅት ሕዝቡ «ጥቁር ፈንገስ» ያለው ሙኮርማይኮሲስ በጥቂት ወራት ከ40,000 በላይ ሰዎችን ያዘ። በሽታው ከአፍንጫ ተነሥቶ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ይዘልቃል፤ ብዙዎችን ለማትረፍ የዓይንና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓል። ከታካሚዎቹ አብዛኞቹ ስኳራቸው ያልተቆጣጠረ የስኳር ሕሙማን፣ ብዙዎቹም ስቴሮይድ የወሰዱ ነበሩ። የህንድ ሆስፒታሎች ይህን ለይተው መናገር የቻሉት በሽታው በፊት ላይ ስለሚታይና ሐኪሞቻቸው ከወረርሽኙ በፊትም ያውቁት ስለነበር ነው። በሳንባ ውስጥ ተሰውሮ የሚገድለው አስፐርጊለስ እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡ 19 የፈንገስ ዓይነቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር አውጥቷል። በከፍተኛው የአደጋ ደረጃ ካስቀመጣቸው አራቱ አንዱ አስፐርጊለስ ፊዩሚጋተስ ነው። ድርጅቱ ዝርዝሩን ሲያወጣ የጠቀሰው ዋና ችግር የመረጃና የምርመራ እጥረት ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታካሚ ከተገኘበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ በጽኑ የታመሙ ብዙ ሰዎች ኦክስጅንና ስቴሮይድ አግኝተዋል። ከእነዚህ መካከል ፈንገስ የነበረባቸው ስንት እንደሆኑ መናገር የማይቻለው ግን ምርመራው የሕክምናው መደበኛ አካል ስላልነበረ ነው።

ስቴሮይድ፣ ስኳርና ከፍታ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ውጤቱ ይፋ የሆነው የብሪታንያ የሪከቨሪ ሙከራ ዴክሳሜታሶን በቀን 6 ሚሊ ግራም፣ እስከ 10 ቀን ሲሰጥ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ ታካሚዎች ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ርካሽና በየቦታው የሚገኝ መድኃኒት በመሆኑ ለኢትዮጵያ ትልቅ ዜና ነበር። ነገር ግን የዚያው ሙከራ ሌላ ግኝት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ታካሚዎች ጥቅም አልታየም። ስለዚህ ስቴሮይድ ለማን፣ በምን መጠን፣ ለስንት ቀን የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው። ለተገቢው ታካሚ የሚያድነው መድኃኒት፣ ላልተገባው ታካሚ ሲሰጥ ወይም ከተወሰነለት ቀን ሲያልፍ፣ ለፈንገሱ በር ይከፍታል፤ ስኳርን በማናር ደግሞ ሁለተኛ በር ይጨምርለታል።

በደጋው አካባቢ ይህ ጥያቄ የራሱ መልክ አለው። ብዙ ሰው ጉንፋን ሲይዘው በዳማከሴና በጦስኝ ይጀምራል፤ ሲብስበት ወደ መድኃኒት ቤት፣ ሲጠናበት ወደ ጤና ጣቢያ፣ በመጨረሻም ወደ ጎንደር ይሄዳል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ቀበሌዎች ለሚነሣ ታካሚ ግን መንገዱ ከዚያ እጅግ ይረዝማል፤ ጸጥታ በደፈረሰባቸው ጊዜያትም ጭራሹን ይዘጋል። ታካሚው ሆስፒታል ሲደርስ ከዚያ በፊት ምን ዓይነት መርፌና ክኒን፣ ለስንት ቀን እንደወሰደ የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ላይመጣ ይችላል። የስቴሮይዱ ቀን ቆጠራ የሚጀመረው ሆስፒታል ከገባበት ዕለት ከሆነ የተሳሳተ ቆጠራ ነው።

የከፍታው ጉዳይም አለ። ኦክስጅን ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለው ውሳኔ የሚያርፈው በጣት ላይ በሚሰካው መለኪያ ላይ ነው። በደጋ አገር መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍም፣ በተቃራኒው ዝቅ ያለውን ቁጥር ሁሉ ለስቴሮይድ ማዘዣ ምክንያት ማድረግም ይቻላል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ጤነኛ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አማካይ የኦክስጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ መሆኑን አግኝቶ በዓለም የከፍታ ሥነ ሕይወት ጥናት ዘንድ መነጋገሪያ ሆኗል። አንድ አማካይ ቁጥር ለእያንዳንዱ ታካሚ ሕግ ሊሆን አይችልም። ሆኖም በደጋ ሰው ላይ የታየን ዝቅተኛ ልኬት ያለ ተጨማሪ ምርመራ በከፍታ ማሳበብ እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። በየወረዳው ጤነኛ ሰዎች ላይ መደበኛው ልኬት ስንት እንደሆነ ለክቶ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የማይከብድ፣ ለሐኪሙም በየዕለቱ የሚጠቅም ሥራ ነው።

መድኃኒቱ ለጎንደር እንግዳ አይደለም

«ፈንገሱ ቢገኝስ በምን ይታከማል?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በየፋርማሲው የሚታወቀው ፍሉኮናዞል በአስፐርጊለስም ሆነ በሙኮርማይኮሲስ ላይ አይሠራም። ቮሪኮናዞል ለአስፐርጊለስ ተመራጭ ሲሆን ለሙኮርማይኮሲስ ግን አይረዳም። ሁለቱንም በአብዛኛው የሚያክመው አምፎተሪሲን ቢ ነው። ይህ መድኃኒት ደግሞ በጎንደር በሚገባ ይታወቃል። ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት የሚመለሱት ካላዛር ከሚታከምባቸው መድኃኒቶች አንዱ፣ በስብ ሽፋን የተዘጋጀው የአምፎተሪሲን ዓይነት ነውና። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል በዚህ ረገድ ከአገር አልፎ የሚጠቀስ ልምድ አለው። ኤች አይ ቪና ካላዛር አብረው የያዟቸው ሰዎች በዚሁ መድኃኒትና በሚልቴፎሲን ጥምረት እንዲታከሙ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ላወጣው ምክር መሠረት ከሆኑት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው በጎንደርና በአብዱራፊ ነው።

ይህ ማለት መድኃኒቱን የሚቀምም፣ በደም ሥር የሚሰጥ፣ የኩላሊትና የፖታስየም መጠን የሚከታተል ባለሙያ በከተማው አለ ማለት ነው። ብዙ የአፍሪካ ከተሞች ይህን ልምድ አላገኙም። ይሁን እንጂ ከዚህ በመነሣት «ከካላዛር መጋዘን ይወሰድ» ማለት ስሕተት ይሆናል። ለካላዛር የሚውለው መድኃኒት አብዛኛው በአምራቹ ኩባንያና በዓለም ጤና ድርጅት ስምምነት በእርዳታ የሚመጣ፣ ለተወሰነ በሽታ የተመደበ ነው። ለአንዱ ታካሚ ሲባል ከሌላው ድሀ ታካሚ ድርሻ መቁረስ ችግሩን ማዛወር እንጂ መፍታት አይደለም። ትክክለኛው መንገድ ለፈንገስ ሕሙማን የራሱ ግዥ እንዲኖር ማድረግ ነው። የአገሪቱ የመድኃኒት አቅራቢ ተቋም ደግሞ ግዥ የሚፈጽመው ሆስፒታሎች በሚያቀርቡት የፍላጎት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ከላቦራቶሪ ነው። ነገሩ ተመልሶ እዚያው ነው የሚገባው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የቅድሚያ ጉዳይ ነው፦ ሳንባ ነቀርሳና ወባ ባልተገቱበት አገር ስለ ፈንገስ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? መልሱ ፈንገሱ ከእነዚህ በሽታዎች የተለየ ሌላ ረድፍ አለመሆኑ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ከዳነ በኋላ በሳንባ ውስጥ የሚተወው ዋሻ የአስፐርጊለስ ማደሪያ ይሆናል፤ ምልክቱም ሳል፣ ክብደት መቀነስና ደም የቀላቀለ አክታ ስለሆነ ሰውየው ነቀርሳው ያገረሸበት ይመስላል። የኤች አይ ቪ ሕክምናም ፈንገስን ከመደበኛ አገልግሎት ጋር ማያያዝ እንደሚቻል አስቀድሞ አሳይቷል። ለዓመታት ሲታደል የኖረው ኮትሪሞክሳዞል ከሚከላከላቸው በሽታዎች አንዱ ኒሞሲስቲስ የተባለው የሳንባ ፈንገስ ነው። ይህን ቅንጦት ያለ ሰው የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሳይንሳዊ ነውና ክብደት ሊሰጠው ይገባል። አስፐርጊለስ በአክታ ውስጥ መገኘቱ ብቻ በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ፈንገሱ ሳይጎዳ በአየር ቧንቧ ውስጥ ሊያድር ይችላል፤ ከአየር ወደ ማሳደጊያ ሳሕኑም ሊገባ ይችላል። በደም ውስጥ የሚደረገው የጋላክቶማናን ምርመራ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው ባልቀነሰ ታካሚዎች ላይ ብዙውን ጊዜ በሽታውን ይስታል፤ የተሻለው ናሙና ከሳንባ በመሣሪያ ታጥቦ የሚወሰደው ፈሳሽ ነው፤ ይህ ደግሞ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ባገረሸ ትኩሳት ሁሉ ላይ ፀረ ፈንገስ ይጀመር አይልም። እንዲህ ያለው አካሄድ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ገንዘብ ያባክናል፣ መድኃኒት የለመደ ፈንገስም ያፈራል። የሚባለው ግን ጥርጣሬ ከማስረጃ ይቅደም፣ ማስረጃም ከሕክምና ይቅደም ነው። ዛሬ የጎደለው የመጀመሪያው ደረጃ፣ ጥርጣሬው ራሱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «እዚህ አልታየም» የሚለው ነው። ይህ ግን ማስረጃ ሳይሆን ክብ ክርክር ነው። ያልፈለገ ሰው አላገኘሁም ቢል እውነቱን ነው፤ የለም ቢል ግን ከእውነቱ አልፏል።

ከየት ይጀመር?

አንደኛ፣ ማይክሮስኮፕ። ለወባና ለሳንባ ነቀርሳ ሲባል ማይክሮስኮፕ በወረዳ ደረጃ ሳይቀር ይገኛል። ከመተንፈሻ አካል የተወሰደን ናሙና በፖታስየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙቶ መመልከት ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ብር የሚጠይቅ ሥራ ነው። የአስፐርጊለስ ክሮች ቀጫጭን፣ በየመካከሉ ግድግዳ ያላቸው፣ በሹል ማዕዘን የሚከፈሉ ናቸው፤ የሙኮር ክሮች ሰፋፊ፣ እንደ ጥብጣብ የሚታጠፉ፣ ግድግዳቸው የሳሳ፣ ብዙ ጊዜ በቀጥተኛ ማዕዘን የሚከፈሉ ናቸው። ልዩነቱ በተግባር ሥልጠና የሚለመድ ነው፤ ሕክምናውም በዚህ ልዩነት ላይ ይወሰናል። ከዚህ ጋር፣ በስቴሮይድ ላይ ሆኖ የከፋበት ታካሚ ናሙና ለባክቴሪያ ሲላክ በዚያው ጊዜ በፈንገስ ማሳደጊያ ላይም እንዲዘራ በመጠየቂያ ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የስቴሮይድ ሥርዓት። ከማዘዝ በፊት የኦክስጅን ልኬትና የደም ስኳር መጠን ይመዝገብ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ስኳር በየቀኑ ይለካ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል በሚላከው ወረቀት ላይ «ስቴሮይድ ወስዷል? ከመቼ ጀምሮ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ይህ አንድም አዲስ መሣሪያ አይፈልግም፤ ፈንገሱ ጨርሶ ባይኖር እንኳ ለታካሚው ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ የአደጋ ምልክቶች። በአንድ ወገን ያበጠ ፊት፣ ጥቁር ፈሳሽ ያለው አፍንጫ፣ በላንቃ ላይ የታየ ጥቁር ቁስል፣ የወደቀ የዓይን ቆብ ወይም የደበዘዘ እይታ በስኳር ሕመምተኛ ላይ ከታየ ለነገ የሚባል አይደለም። ሙኮርማይኮሲስ ፈጣን ቀዶ ሕክምና ይፈልጋልና የአንድ ቀን መዘግየት ዓይንን፣ አልፎም ሕይወትን ያስከፍላል። የደባርቅና የዳባት ጤና ባለሙያ ይህን ማወቅ ያለበት ከጎንደሩ ስፔሻሊስት ባልተናነሰ ነው፤ ታካሚውን ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነውና።

አራተኛ፣ ከሞት በኋላ የሚገኝ እውቀት። ሙሉ የአስከሬን ምርመራ በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚከብድ ነገር ነው፤ መክበዱም ሊከበር ይገባል። ነገር ግን በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረርና በቀርሳ፣ የሕፃናትን ሞት ምክንያት ለማወቅ ከቤተሰብ ፈቃድ ጋር በመርፌ ብቻ ጥቂት የሰውነት ናሙና የሚወሰድበት አሠራር ተተግብሯል። ቤተሰብ በክብር ሲጠየቅና ውጤቱ ሲነገረው ፈቃደኛ ሊሆን እንደሚችል ይህ ልምድ ያሳያል። በአዋቂዎች የሳንባ ሕመም ላይም፣ ከሃይማኖት አባቶችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተመክሮበት፣ ሊሞከር የሚችል መንገድ ነው።

አምስተኛ፣ የመመረቂያ ጥናቶች አቅጣጫ። የካንዲዳንና የቆረቆርን ስርጭት የሚመዘግቡ ጥናቶች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ተመራማሪው የሚቀርበውን ናሙና ብቻ ሲከተል የከበደው ጥያቄ ሳይነካ ይቀራል። የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ የፋርማሲ ተማሪና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ በአንድ ርእስ ላይ ተባብረው ለአንድ ዓመት በጽኑ የታመሙ የሳንባ ታካሚዎችን ቢከታተሉ፣ የሚገኘው ቁጥር ትንሽም ቢሆን ለመድኃኒት ግዥ የመጀመሪያው መሠረት ይሆናል። ውጤቱ «ጥቂት ነው» የሚል ቢሆን እንኳ ጥቅም አለው፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ በግምት ሳይሆን በእውቀት ወደ ሌላ ምክንያት ፊቱን ያዞራል።

ማጠቃለያ

ጎንደር እንዲህ ላለው ሥራ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በከተማዋ ተቋቋመ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ከዚያ የበቀለ ነው። የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሰልፎ ወደ ወረዳ የመላኩ ልማድ የተጀመረውም በዚያ ኮሌጅ ነው። ከላይ የተዘረዘሩት ሐሳቦች ከዚህ ልማድ የሚወጡ አይደሉም፤ አንድ ተሕዋስ በፍለጋው ዝርዝር ላይ ይጨመር ከማለት ያለፈ አይጠይቁም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱ ተግሣጹን ያነጣጠረው በታማሚው ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ታማሚው የደበቀው ነገር የለም፤ ትኩሳቱን፣ ሳሉን፣ ደም የቀላቀለ አክታውን ይዞ ቀርቧል። በሽታው ተደብቆ የቀረው አክታው በተላከበት የመጠየቂያ ቅጽ ላይ «ፈንገስ» የሚል መስመር ባለመኖሩ ነው። ቀጣዩ የኢንፍሉዌንዛ ወይም የኮሮና ማዕበል እስኪመጣ ሳይጠበቅ ያ መስመር ሊጨመር ይችላል።